እናቴን በአክስቴ የለወጥንበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያው አጠገብ ካለች ትንሽ ወተት ቤት ገብቼ እርጎ አዘዝሁ። ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋው የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ወይራ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ፤ ከወይራው ሥር የጠጅ ሳር ጠረን ነበረበት። አስቀመጥሁት። ልጅቷ መጥታ «ኮመጠጠ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ደግ ነው» አልኋት፤ ግን አልጠጣሁትም። ከፍዬ ወጣሁና ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ከሚተራመስበት መንገድ ዳር ቆሜ፣ ሽታው ከአፍንጫዬ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

አንቺ አንድ ጊዜ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እናትሽ በሕይወት እያለች አክስትሽን ለሰው ሁሉ «እናቴ ናት» እያልሽ የምታስተዋውቂ ለምንድን ነው ብለሽ። ያን ቀን ሳቅ ብዬ አለፍሁት። ዛሬ ልንገርሽ።

የወተት ዕቃ በወይራና በጠጅ ሳር የምታጥን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች የማውቅ፤ እናቴ። እኛ የነበርነው ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሳይወርድ፣ ደጋው አልቆ ሙቀቱ ከሚጀምርበት መንደር ነው። በቆሎና ዳጉሳ እንዘራለን፤ በርበሬውን ቡሬ አውጥተን እንሸጣለን። በመንደራችን ጥቂት የኦሮሞ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አያቶቻቸው ከዓባይ ወዲያ ማዶ ተሻግረው መጥተው እዚያው ወልደው፣ እዚያው ተቀብረው የቀሩ። እናቴ የእነሱ ልጅ ናት። አባቴ የዚያው አገር አማራ ነው። ገበያ ላይ ተያዩ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ በኋላም የደብራችን አለቃ በቁርባን አጋቧቸው።

እናቴ ከሌላው ሰው የተለየች መሆኗን የማውቀው በትንሽ ነገር ነበር። ላሞቹን ስታልብ በኦሮምኛ ታዋራቸዋለች። እኔን ደግሞ ስትቆጣኝ በአማርኛ ትቆጣኛለች፤ ስታባብለኝ ግን «ኢንተላ ኮ» ትለኛለች። ልጄ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ከማንም ሴት አትለይም። ትጾማለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ማኅበር ትጠጣለች፣ ጠላዋ የቀጠነባትን ጎረቤት ከንፈሯን ነክሳ ታማለች። ኦሮምኛ አስተምሪኝ ስላት «ምን ያደርግልሻል፣ ትምህርትሽን ተማሪ» ትለኝ ነበር። ያኔ አልከፋኝም። ቋንቋው ምን እንደሚያደርግልኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ደግሞ ወዲያ ማዶ ወለጋ ነበረች። በልጅነቷ አግብታ ተሻግራ፣ ከባሏ ጋር መሬት አቅንታ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ እዚያው ኖራለች። አዝመራ ከገባ በኋላ ትመጣለች። ስትመጣ ቤቱ እርጥብ ዝንጅብልና ማንጎ ይሸታል። እሷና እናቴ ከእህትማማች በላይ ነበሩ። አክስቴ ኦሮምኛ ከእናቴ እኩል ትናገር ስለነበር፣ ሁለቱ ጓዳ ገብተው እኔ በማልሰማው ቋንቋ ሲንሾካሾኩና ሲስቁ ያመሹ ነበር። አባቴ ከውጭ ሆኖ «እኔን ነው የምታሙ» ይላል። «አንተን ለማማት ቋንቋ አንቀይርም» ትለዋለች አክስቴ።

አሥረኛ ክፍል ስገባ ወሬው ጀመረ። መጀመሪያ ወዲያ ማዶ አማራ ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ ተባለ። ቀጥሎ ሰዎቹ ራሳቸው መምጣት ጀመሩ፤ ሌሊት በጫካ ተጉዘው፣ እግራቸው አብጦ፣ ቡሬ ትምህርት ቤት ግቢ ሸራ ወጥረው ሰፈሩ። ከዚያ በእኛ በኩልም ጎረምሶች ተነሡ። የእናቴ ወንድም የበቆሎ ክምር በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም አልተናገረም፤ በማግሥቱ እሑድ ግን ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነበርን፣ አቃጣዩም ጭምር።

የአክስቴን ባል እርሻው ላይ ገደሉት። እሷንና ልጆቿን አንድ ኦሮሞ ጎረቤቷ ቤቱ ደበቃቸው። በዚህ ሰው ስልክ አንድ ቀን ደወለችልን። አባቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ቀስ ብለህ አውራ፣ ውጭ ሰው አለ» አለችው። ከዚያ ትንፋሿን ብቻ ነበር የምንሰማ። ሰውየው ስልኩን ተቀበላትና በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ፤ ቶሎ በሉ» ብሎ ዘጋው።

በዚህ መሀል ነው ሽማግሌዎች የተነሡ። በእኛ በኩል የደብራችን አለቃ፣ መምሬ፣ ነበሩ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ቡሬ ገበያ በሬ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ፣ ከመምሬ ጋር በደንብ የሚተዋወቅ ሽማግሌ ነበር። የዓባይ ድልድይ ላይ ተገናኝተው ተነጋገሩ። በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው፤ ወዲያ ማዶ መውጫ አጥተው የቀሩት የእኛ ሰዎች ይሻገሩ፣ በእኛ በኩል ያሉት ኦሮሞዎች ወደዚያ ይሻገሩ፤ ቁጥሩም ቤተሰብ በቤተሰብ እኩል ይሁን።

ለምን እኩል ብትይ፣ ከአንዱ ወገን በልጦ ከወጣ «አባረሯችሁ» የሚል መሣሪያ የያዘ ጎረምሳ ይነሣል። ሽማግሌዎቹ የሚፈሩት እርስ በርስ አልነበረም፤ የየራሳቸውን ልጆች ነው። እኩል ከሆነ ማንም ማንንም አሸነፈ አይባልም። የሚሄዱት «ፈቅደው» ነው የሚሄዱ ተባለ። አጎቴም ፈቀደ። ክምሩ የተቃጠለበት ሰው ምን ይላል?

ቀኑ ሲቃረብ፣ ከመንደራችን አንድ የኦሮሞ ቤተሰብ ፈርቶ ሳይናገር ወደ ወንበራ በኩል ጠፋ። በእኛ በኩል አንድ ጎደለ ማለት ነው። ከወዲያ ማዶ መልእክት መጣ፤ እናንተ አንድ ካጎደላችሁ እኛም አንድ እናስቀራለን። የምትቀረውም ባል የሌላት፣ ስለ እሷ የሚከራከር ዘመድ አጠገቧ የሌላት ናት፤ አክስቴ።

ያን ቀን ግቢያችን በርበሬ ተሰጥቶ ነበር። እኔ ጥላው ሥር ቁጭ ብዬ የነቀዘውን ከደኅናው እለያለሁ። ፀሐዩ በርበሬውን ሲመታው የሚነሣው ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ሲያስነጥሰኝ ነው የዋለው። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ መጣና በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። እናቴ ውሃ ሰጠችው። ጠጥቶ ጣሳውን አልመለሰላትም።

«አንድ ቤተሰብ ጎደለ» አለ።

«ማን ሊቀር ነው?»

«እህቴ።»

እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላው ነበር፤ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ፈትታ አወረደችው። አባቴ ከዚያ ሌላ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ግራ እግሩን ስላመመው በሬ አወራ። በእኛ አገር ሰው የሚከብደውን ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ ዙሪያውን ይዞርና ሌላው እንዲያነሣው ይጠብቃል። እናቴ ይህን ታውቅበታለች። ዞሮ ዞሮ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እኔ ከሄድሁ ይሞላል ማለት ነው?» አለች።

ከአባቴ አንዲት «አይሆንም» ብቻ ነበር የምጠብቅ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ግድ አልነበረኝም። እሱ መሬት መሬቱን እያየ «ለጊዜው ነው፤ ነገሩ ሲበርድ መጥቼ አመጣሻለሁ» አለ። እሷም እሱም ያውቁታል፤ አማራ ሆኖ ድልድዩን የሚሻገር ሰው በዚያ ወራት በሕይወት አያድርም ነበር።

ቀጥሎ «አንዲት ሴት ብቻዋን ቤተሰብ አትባልም ብለዋል» አለ። ይህን ሲል ነው ነገሩ እኛ ሳንሰማ ቀድሞ እንዳለቀ የገባኝ። «ልጅ መያዝ አለብሽ።» ወደ እኔ ሳይዞር በእጁ ብቻ አመለከተ። «ትልቋን ውሰጃት።»

እኔ ከዚያው ነበርሁ፤ ከአጠገባቸው። እጄ በርበሬ ውስጥ እንዳለ ነበር።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እንደዚያ ስታየው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። «እሷ ትማራለች» አለችው። «ሕፃኑን ነው ይዤ የምሄድ። እሱ ያለ እኔ አያድርም።»

አባቴ ወንድ ልጅ ለማግኘት አሥር ዓመት ሙሉ ጠበል ለጠበል የዞረ ሰው ነው። ወንድሜን አየው። ወንድሜ በርበሬ የነካ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። አባቴ በትሩን አንሥቶ ወጣ።

«እኔስ ያለ አንቺ አድራለሁ?» አልኋት።

«ታድሪያለሽ» አለችኝ የወንድሜን ዓይን እያጠበች። አንቺ ሰው ሲሰናበትሽ ስንት ነገር ይልሽ ይሆናል። እኔ ከእናቴ የያዝሁት ይህን ነው፤ ታድሪያለሽ። እውነቷን ነው፣ አደርሁ። ስንቱን ሌሊት አደርሁ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ወደ መምሬ ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ተቀምጠው ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ጉልበታቸውን ሳምሁና «መምሬ፣ እኔን ላኩኝ፣ እሷን ተዉልኝ። አባቴም የፈቀደ እኔ እንድሄድ ነው» አልኋቸው። ለእናቴ አዝኜ ብቻ አልነበረም፤ የአባቴን ቃል ሰው ፊት ማውጣት አምሮኝም ነበር።

«አንቺን ብልክ በአባትሽ አማራ ነሽ ይሉሻል። እሷ ግን ወንድሟ አለላት» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም ያቆረቧቸው?»

«እኔ ነኝ። በእጄ አቆራኘኋቸው፣ በእጄ ደግሞ አሻግራታለሁ። ከዚህ በላይ አታስለምኚኝ፣ ልጄ።»

የተቆጡ መስሎኝ ቀና ስል ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበውታል። ተነሥቼ ሄድሁ። መምሬ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም። ስለ ሰላም የደከሙ ሰው ናቸው ብሎ አገሩ ሁሉ አለቀሰላቸው። እኔም ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነበር፤ እንባ ግን አልመጣልኝም።

የሚሻገሩበት ቀን ሁለት አይሱዙ መጣ። እቃ እንዳይበዛ ተብሎ ስለነበር ሰው ሁሉ አንዳንድ ጥቅል ብቻ ነው የያዘ። መንደርተኛው ወጥቶ ሲሸኛቸው አየሁ። ክምሩን ያቃጠለው ጎረምሳ የአጎቴን ሣጥን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነለት። አጎቴ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለው። ሁለቱም የምራቸውን ነበር፤ ይህን አሁንም አሰላስዬ አልደርስበትም።

አባቴ አልመጣም። እኔ መኪናው ላይ ወጥቼ እስከ ድልድዩ ሸኘኋት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ ሄደ። ዓባይ ገና አልጎደለም ነበር፤ ከሩቅ ወፍራም ቡናማ ገመድ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን ድምፁ ሰው ለሰው አያሰማማም። ወንድሜ በኮረኮንቹ እየተንገላታ እናቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እሷ ስለ ቤቱ ነበር የምትነግረኝ። ማሰሮው የት እንዳለ፣ ሽሮው እስከ መቼ እንደሚበቃ፣ ለአባቴ ጉልበት የሚታሸው ቅቤ። ስለ ራሷ ምንም። «እማዬ፣ ስለ ሌላ ነገር አውሪኝ» አልኋት። «ሌላ ምን አለ?» አለችኝ።

ድልድዩ አፍ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። ከወዲያ ማዶም መኪና ቆሞ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ቀድመው መሀል ድረስ ሄዱና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ከዚያ ሰዉ በግራና በቀኝ ሁለት መስመር ሠርቶ፣ የእኛዎቹ በአንዱ በኩል፣ የወዲያዎቹ በሌላው በኩል መራመድ ጀመረ። እኔን አንድ ወታደር «አንቺ እዚህ ነሽ» ብሎ ከድልድዩ ዳር አስቀረኝ።

አክስቴን ከሩቅ አየኋት። ከስታ፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወድቆ፣ ልጆቿን እያስቀደመች ትመጣለች። በእሷ ፋንታ ማን እንደሚሄድ አልነገሯትም ነበር። እናቴን መሀል ላይ ስታያት ልትቀበላት የመጣች መስሏት እጇን ዘርግታ ከመስመሯ ወጣች። ተቃቀፉ። የተባባሉትን አክስቴ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ በኦሮምኛ ነበር ያወሩት።

«ሕፃኑን በዚህ ሙቀት ለምን ይዘሽው መጣሽ?» አለቻት።

«እኛ ወደዚያ ነን፣ እትዬ። ቤቱ ክፍት ነው፤ ግቢ። ልጅቷን አደራ» አለቻት እናቴ።

አክስቴ ያን ጊዜ ነው የገባት። ከድልድዩ ዳር ሆኜ ወደ ኋላ ስትዞር፣ የእናቴን ነጠላ ስትይዝ፣ ወታደር መሀላቸው ሲገባ አየሁ። «እኔ ልመለስ፣ እኔ ልመለስ» እያለች ትጮህ ነበር። ትልቁ ልጇ ክንዷን ይዞ ጎተታት። እናቴ ሁለተኛ አልዞረችም። ወንድሜ ነቅቶ ከትከሻዋ በላይ ወደ እኛ ያያል። እጄን አወዛወዝሁለት። እሱም አወዛወዘ፤ ገበያ ሄደን ማታ የምንመለስ መስሎታል።

ከዚያ የሆነው ቀላል ነው። አክስቴ ቤታችን ገባች። እናቴ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተኛችም፤ ከልጆቿ ጋር መሬት አንጥፋ ነው የምትተኛ። እኔ መጀመሪያ አላናግራትም ነበር። የሰጠችኝን ምግብ አልበላም፣ ያጠበችልኝን ልብስ መልሼ አጥበዋለሁ። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ለፈተና ሳጠና መብራት ይዛልኝ ትቀመጣለች፤ ፀጉሬን ትሠራልኛለች። የሚያሳዝንሽን ሰው መጥላት ይከብዳል። ከዓመት በኋላ ደከመኝና ተውሁት። ልብ በይ፣ ወደድኋት አልልሽም፤ ደከመኝ ነው የምልሽ። መውደዱ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መጣ፤ «እናቴ ናት» ማለቱም አብሮት።

አባቴን ግን አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅሁት። ማሳ ላይ ብቻችንን ነበርን። «እኔን ውሰጃት ያልህ ለምንድን ነው?» አልሁት። ሞፈሩን አቁሞ «እህቴን ከነልጆቿ ላስጨርስ ነበር?» አለኝ። ያልጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ። የጠየቅሁትን እስከ ዛሬ አልመለሰም። ሌላ ሴት አላገባም። ትናንት እንኳ ደውሎ ስለ ማዳበሪያ አወራኝ፤ ዙሪያውን ዞረና ዞረና «ከወዲያ ስልክ አለ?» አለኝ። «የለም» አልሁት።

ሰላም ይመጣበታል የተባለው ልውውጥ ሰላም አላመጣም። ወዲያ ማዶ ነገሩ አልበረደም፤ በኋላም በእኛው በኩል ሌላ ተኩስ ተነሣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ቡሬም የጥይት ድምፅ ለመደች። ተኩስ ሸሽተው የተሻገሩት ተኩስ ውስጥ ገቡ። እናቴና ወንድሜ ከአጎቴ ጋር ሆነው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞሩ ቆይተው፣ አሁን ከነቀምት ወዲያ የሆነ ቦታ ቤት ተከራይተዋል። ስልክ ሲሠራ ትደውላለች። ሳይሠራ ወራት ያልፋል።

ለፋሲካ ደወለች። ድምፅዋ ያው ነው፤ አማርኛዋ ግን ቃል እየፈለገ የሚቆም ሆኗል። ደኅንነቴን፣ ሥራዬን፣ አክስቴን፣ አባቴን በየተራ ጠየቀች። ከዚያ «ወንድምሽ እዚህ አለ፣ አናግሪው» አለችኝና ከስልኩ ራቅ ብላ በኦሮምኛ ጠራችው። ሲመጣ እሰማዋለሁ፤ የሮጠ ልጅ ትንፋሽ። «ኤኙ?» አላት። ይህቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ማን ናት ማለት ነው። እናቴ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። ከረዘመው ውስጥ አንድም ቃል አልገባኝም።

ስልኩን ተቀበለ። ከጎኑ ሆና እናቴ በሹክሹክታ ስታስጠናው ይሰማኛል። ጎጃም ትልቅ ሰው ሲናገሩት እንዲህ ነው ብላ አስተምራው ይሆናል። እሱም ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ለእንግዳ እንደሚሉት አድርጎ፣

«እንደምን አሉ፣ እህቴ?» አለኝ።

ለእህት እንዲህ አይባልም፣ አንቺ በለኝ ልለው ነበር። ግን እንዴት ብዬ አስረዳዋለሁ፤ እኔ በእሱ ቋንቋ አልችል፣ እሱም በእኔ። ደግሞ ጥሩ አድርጎ ነው ያለው፤ አንድም ቃል አልሳተም። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምሁ፣ ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት። «እርስዎስ እንደምን አሉ?»